የሚካኤልን ጣራ የከደነው ፈንታ

አንድ ሰው ኖሮ ሲያልፍ ዕድሜው ተደምሮ ምን ያህል ይሆናል? በተዝካሩ ቀን የተበላውና የተጠጣው አይለካውም። «አረሰ፣ ወለደ፣ ጎጆ ቀለሰ» ማለትም ለማንም የሚሆን ጋቢ ነው፤ ለረጅሙም ለአጭሩም ይበቃል። በወጣትነቴ ስድስት ኪሎ ተቀምጬ ስለ ሕይወት ትርጉም የፈላስፎችን ክርክር አንብቤያለሁ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ። ዛሬ በሽምግልናዬ ጥያቄው ሲመጣብኝ ግን ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱም አይታወሰኝም። የሚታወሰኝ ፈንታ ነው፤ በባዶ እግሩ ከእንዶድ በር ሚካኤል ጣራ ላይ ቆሞ፣ ከላዩ ሰማይ ብቻ ሆኖ፣ ሳይናገር።

እንዶድ በር የታች ጋይንት መንደር ናት። ከአርብ ገበያ ተነሥቶ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የጽድና የወይራ ጫካ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከጫካው መካከል ነው። ፈንታ ከጫካው ግርጌ ገብስና ባቄላ ያርስ ነበር። ቄስ አልነበረም፤ ትምህርቱም ዳዊት ሳይደግም የቀረ ነው። የሚካኤል ጣራ ግን በእሱ እጅ ነበር። አባቱ ቤተ ክርስቲያን ከዳኝ ነበሩ፤ ሥራው ከእሳቸው ወደ እሱ አለፈ። እኔና እሱ አብረን ያደግን ነን። እኔን ትምህርት ወሰደኝ፤ ተመልሼም አርብ ገበያ አስተማሪ ሆንኩ። እሱ ከደብረ ታቦር አልፎ አያውቅም።

ጧት ሲነሣ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳይለዋወጥ በቅል ውሃ እጁንና ፊቱን ይታጠባል። ከዚያ ከደጁ ወጥቶ ፊቱን ወደ ጫካው መልሶ ያማትባል። «ያሳደርኸኝ ጌታ፣ አውለኝ» ይላል። ከዚህ የረዘመ ጸሎት ሲያደርስ ሰምቼው አላውቅም። ከጫካው ጥግ ሲደርስ ጫማውን ያወልቃል፤ በበቅሎ ከሆነ ይወርዳል፤ ዝናብ እየመታውም ቢሆን ይወርዳል። ከቅጽሩ ውስጥ የወደቀ ጭራሮ እንኳ አንሥቶ ለማገዶ አያመጣም። እሸት ሲደርስ ደግሞ የመጀመሪያውን ጭብጥ ገብስ ለሚካኤል ደጅ ሳያደርስ ከቤቱ የሚቀምስ የለም። ሚስቱ አልጣሽ፣ አፏ የማይያዝ ሴት፣ ልጆቹ ምራቃቸውን ሲውጡ እያየች፦

«መልአኩስ ክንፍ አለው፤ በርሮ ይበላል። እነዚህ እግር እንኳ አላወጡም» ትለው ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ምላስሽን ጹሚ።»

«ጣራውን ለመልአኩ፣ እሸቱን ለመልአኩ። የእኔ ቤት ጣራ እኮ ያፈስሳል፣ አንተ ሰው!»

እውነቷን ነበር። የከዳኙ ቤት በእያንዳንዱ ክረምት ያፈስስ ነበር።

ዓመቱን የምናውቀው በሚካኤል ነበር። ሰኔ ሚካኤል ሲነግሥ ዘሩ አፈር ይገባል፤ ኅዳር ሚካኤል ሲነግሥ ማጭዱ ይሳላል። በመካከሉ ያለው ዝናብና ጭቃ፣ የፍልሰታ ጾምና የመስቀል ችቦ ነው። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ፣ ጾመ ነቢያት ሲገባ፣ የክዳን ጊዜ ይመጣል። በየዓመቱ የሚደረገው ጥገና ነው፤ ነፋስ የገለጠውን መድፈን፣ ወፍ የቦረቦረውን መጠቅጠቅ። ሙሉው ክዳን፣ አሮጌው ሣር ወርዶ ማገሩ ዕራቁቱን ሲቀርና ከታች ጀምሮ እንደገና ሲለብስ፣ በትውልድ አንዴ የሚታይ ነው። በንጉሡ ጊዜ ሲከደን ፈንታ ገና ጢሙ ያልበቀለ ነበር፤ ለአባቱ ሣር አቀበለ። ቀጥሎ ድርቁና የደርግ ግርግር መጣና ቤተ ክርስቲያኑ በጥገና ብቻ ኖረ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት ግን ሰንበት ሲያስቀድስ የቆመ ሰው ሁሉ በማገሩ መካከል ሰማይ ማየት ጀመረ፤ ክዳኑም በዚያ ዓመት ኅዳር እንዲሆን ተቆረጠ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ጃፓናዊ እኛ ዘንድ መጥቶ ነበር። ሞሪታ ይባላል፤ ዕድሜው ከእኛ ብዙም የማይርቅ፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው። የችግኝ ጣቢያ ሊያቋቁም የመጣ ነው። አማርኛ ተምሮ ነበር፤ ጠለቅ ያለ ነገር ሲሆን እኔ በእንግሊዝኛ አግዘዋለሁ። የሚያድረው ከፈንታ ግቢ በተከራያት ክፍል ነበር። ወር ሳይሞላው አልጣሽ ቅቤ ልትሸጥ አርብ ገበያ ስትወጣ ትምህርት ቤት ድረስ መጣችብኝ።

«መምህር፣ ያመጣችሁብን ቻይና ጤና የለውም መሰል።»

«ጃፓን ነው እንጂ ቻይና አይደለም።»

«ይሁንልህ። ጃፓኑ በየጧቱ ለግድግዳ ያጨበጭባል።»

ወሬው የሚካኤሉ ቄሰ ገበዝ ቄስ ጥጋቡ ዘንድም ደርሶ ኖሮ፣ በሰንበት መቋሚያቸውን ይዘው፣ እኔን አስከትለው ገቡ። ፈንታም አብሮን ገባ። ከግድግዳው ላይ፣ ከራስ ከፍታ በላይ፣ ንጹሕ ሳንቃ ተሰቅሏል፤ በላዩ በሲኒ ውሃ፣ ቆንጥር ጨው፣ ጥቂት ሩዝ፣ አንድ የጽድ ቅርንጫፍ። ሌላ ምንም የለም። ቄስ ጥጋቡ ምስል ፈልገው ሳንቃውን ከታችም ከላይም አዩት።

«ጣዖቱ የታለ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ሞሪታ ሰማ። «የለም አባ» አለ። «ውሃ ነው። ጨው ነው።»

«ታዲያ ለማን ነው የምታጨበጭበው?»

ሞሪታ በእጁ መሬቱን አሳየ። «ለቦታው። ጧት እጄን፣ አፌን እታጠባለሁ። ‹ደኅና አደርኩ፣ አመሰግናለሁ› እላለሁ።»

ቄስ ጥጋቡ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው አሰቡ። «ለባለቦታው ብትል ይሻልሃል» አሉ በመጨረሻ። ቆይተውም ወደ ፈንታ ዞረው፣ «ጽዱን ከየት ነው የቆረጠው?» አሉ።

«ከእኔ ማሳ ነው፣ አባቴ። ከቅጽሩስ እኔ ራሴ አላስነካውም።»

«እንግዲያውስ ምን እንለዋለን። ውሻ እንኳ ከጌታው ቤት ሲገባ ጭራውን ይቆላል፤ ይኼ እጁን ቢያጨበጭብ ነው።»

ሞሪታ የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም። ተግሣጹን ተረድቶታል፤ ቀልዱንም ተረድቶታል።

ሃይማኖቱ ሺንቶ እንደሚባል የነገረን ያን ቀን ነው። አባቱ ሩዝ ገበሬ ናቸው። ከመንደራቸው በላይ፣ በትልልቅ ዛፎች መካከል፣ የአገራቸው መቅደስ አለ። ወደዚያ የሚገባ ሰው ከደጁ እጁንና አፉን ታጥቦ፣ ሁለት ጊዜ ሰግዶ፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ይሰግዳል። በፀደይ ሩዙ ከመተከሉ በፊት ይጸለያል፤ በእነሱ በጋ፣ ዓመቱ ሲጋመስ፣ ከሣር በተጠቀለለ ትልቅ ቀለበት ውስጥ ሰው ሁሉ ያልፋል፤ የግማሽ ዓመቱን እድፍ እዚያ ይተዋል። በመከር አዲሱ ሩዝ መጀመሪያ ለመቅደሱ ይቀርባል። በበዓሉ ቀን ጎልማሶቹ የመቅደሱን ክብር፣ እንደ ታቦት የሚያከብሩትን፣ በቃሬዛ ተሸክመው በመንደሩ እየዞሩ ይጨፍራሉ። ፈንታ ይህን ሁሉ ጉንጩን በመዳፉ ይዞ ሰማና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«የቀለበቱ ሣር ምን ዓይነት ነው?»

«ረጅም። እንደ ጓሳ። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል።»

«እህ» አለ ፈንታ፣ ዘመድ እንዳገኘ ሰው።

ሃይማኖታችን የተለያየ ነው፤ ያንን ለማድበስበስ አልፈልግም። ቄስ ጥጋቡም አላድበሰበሱትም፤ እስከ መጨረሻው «አንተ ያልተጠመቅህ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ግን ሁለቱ ገበሬዎች፣ የሩዙና የገብሱ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተግባቡ። በታኅሣሥ መጨረሻ የእነሱ ዘመን ሲለወጥ ሞሪታ ክፍሉን ጠርጎ አጥቦ ሲያበቃ ከደጃፉ ተቀምጦ ገመድ ይገምድ ጀመር፤ ከበሩ በላይ የሚሰቀል ነው። ሩዝ የለምና የስንዴ ጭድ ነበር የያዘው። ፈንታ በሬ ውሃ አጠጥቶ ሲመለስ ቆሞ አየው።

«ወደ ግራ ነው የምትገምደው።»

«ለሥራ ወደ ቀኝ። ለመቅደስ ወደ ግራ።»

«ለምን?»

ሞሪታ እጁን አቁሞ አሰበ። «አያቴ እንዲህ አደረገ» አለ።

ፈንታ ሳቁ መጣበት። «አልጣሽ! ነይማ ስሚ፤ ይኼ ሰው የእኛው ነው» አለ፤ ተቀምጦም ሌላውን ጫፍ ያዘለት። የስንዴው ጭድ ተሰባበረባቸው። ፈንታ ከጎተራው ሥር የቀረ ጓሳ አመጣ፤ ውሃ ረጭቶ አለሰለሰው። ያቺ ገመድ ሞሪታ እስኪሄድ ከበሩ በላይ ነበረች።

የክዳኑ ኅዳር ደረሰ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ጓሳ ለማጨድ ወደ ጉና ተራራ ወጣ፤ ብርዱ ላይ አድሮ፣ ሣሩን በአህያ ጭኖ የሚመለስ ነው። አህያ የሌለው በጀርባው፤ አቅም የሌላት ባልቴት ከወንዝ ዳር ያጨደችውን የእጅ እስር። ሣር ያልሰጠ ቤት አይኖርም። ሞሪታም ሄዶ አጨደ። ሲመለስ ግን ቄስ ጥጋቡ ዘንድ ክርክር ተነሣ፤ ያልተጠመቀ ሰው ሣር በሚካኤል ራስ ላይ ይውጣ ወይስ አይውጣ።

«እሱ ከቅጽሩ በር አይግባ» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ሣሩ ግን ይግባ። ሣር ክርስትና አይነሣ።»

ሞሪታ እጁንና አፉን ታጥቦ ሸክሙን ከበሩ አስቀመጠ፤ ሁለት ጊዜ ሰገደ። ሊያጨበጭብ እጁን አነሣና የሰዉን ዓይን አይቶ ተወው። ፈንታ ሸክሙን አንሥቶ ከሌላው ሣር ጋር ቀላቀለው።

የክዳኑ ሥርዓት ይህ ነው። ጣራ የሚወጣ ሰው ጾሞ፣ በንጋት ወንዝ ወርዶ ተጣጥቦ ይመጣል። ከወጣ በኋላ እስኪወርድ አይናገርም፤ ከመንበሩ በላይ ቆሞ መናገር ነውር ነውና። ሣር ሲፈልግ የጣራውን ወራጅ እንጨት በዘንጉ ይመታል፤ ማሰሪያ ልጥ ሲፈልግ የተጋደመውን ማገር ይመታል። ከታች ያለው ሰው በድምፁ ለይቶ ያቀብላል። ሴቶቹ ቅጽሩን ከበው እልል ይላሉ፤ ቆሎና ጠላ ይዘው እስኪወርዱ ይጠብቃሉ። የወረደው አሮጌ ሣር ለከብት አይሰጥም፣ አይነድም፤ ከጽዱ ሥር ተከምሮ አፈር እስኪሆን ይተዋል። ፈንታ ያንን ሳምንት ከላይ ዋለ። አልጣሽ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ይኼ ሰው ዝም ሲልልኝ ያየሁት ዛሬ ነው፤ ለዘላለሙ እዚያው ብትተዉልኝስ» አለችና ሴቶቹን አሳቀች።

ጉልላቱ የተተከለ ለታ፣ ከቅጽሩ ውጭ ከዋርካው ሥር ተቀምጠን ሞሪታ ስለ አገሩ ትልቅ መቅደስ ነገረን። በየሃያ ዓመቱ ከጎኑ ሌላ አዲስ፣ ልክ እሱኑ የሚመስል፣ ይሠራል፤ ከዚያ አሮጌው ይፈርሳል።

«ምን አጠፋ?» አሉ ቄስ ጥጋቡ።

«ምንም። ደኅና ነው። ግን ይፈርሳል።»

«ደኅናውን ቤት!»

ሞሪታ ቃል ስላጠረው በእንግሊዝኛ ነገረኝ፤ እኔም በአማርኛ መለስኩላቸው። አንድ አናጢ በዕድሜው ሦስት ጊዜ ያየዋል። መጀመሪያ ልጅ ሆኖ ያቀብላል። ሁለተኛ ጎልማሳ ሆኖ ይሠራል። ሦስተኛ ሸምግሎ ያሠራል። ሃያ ዓመት ማለት እጅ ሳይረሳ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ፈንታ ጠላውን አስቀመጠ። «እኔ ሁለቱን አየሁ» አለ። «ልጅ ሆኜ ለአባቴ አቀበልኩ፤ እኔም ይኸው ከደንኩ። ሦስተኛዋ ቀርታኛለች።»

«ያድርስህ» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«አሜን። ያን ጊዜ ከታች ቁጭ ብዬ ነው የማዝዝ። ከዚያ ወዲያ ቢወስደኝ ግድ የለኝም።»

ፈንታ ከእግዜር የፈለገው ነገር ያች ብቻ እንደሆነች ያን ቀን የነበርን ሁሉ ሰማን።

ሞሪታ በዓመቱ ሄደ። ችግኞቹ ከፊሉ ጸደቁ፣ ከፊሉን ፍየል በላቸው። ፈንታ በየኅዳሩ ጥገናውን እየሠራ፣ ሣሩ የሚያረጅበትን ዓመት ይጠብቅ ጀመር፤ ጎረምሶቹንም በዓይኑ ይመርጥ ነበር። «የእገሌ ልጅ እግሩ ቀላል ነው፤ ያ ደግሞ ዝም ማለት ይችላል» ይለኛል ገበያ ስንገናኝ።

ሁለት ሺህ ሲገባ፣ የሚሌኒየሙ ዓመት፣ ለሚካኤል ቆርቆሮ መጣ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ይሁኔ ነበር፤ ነጋዴ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የሚወድ ሰው። በከተማ ያሉትን የአገሩን ልጆች አስተባብሮ ያመጣው ነው። የተናገረውም ሁሉ ልክ ነበር። የጉና ጓሳ በእርሻ ተገፍቶ አልቋል። ሣር በእሳት ይጠፋል። ዛሬ ከየቤቱ አንድ ሰው ለሳምንት የሚለቅ ማን ነው? ፈንታ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ልክ ነህ ልጄ» አለ። ቆርቆሮው ከአርብ ገበያ በሰው ትከሻ ሲመጣ እሱም ተሸከመ። የራሱን ክዳን ያወረደው እሱ ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ከመንበሩ በላይ እያወራ እንዳያወርደው ብሎ። ሣሩ ከሥሩ ገና ወርቅ ይመስል ነበር፤ ሲያወርዱት ዕጣን ዕጣን ሸተተ።

ቆርቆሮውን የመቱት አናጢዎች ከደብረ ታቦር የመጡ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲያወሩና ሲያፏጩ ዋሉ። ፈንታ ከጽዱ ሥር ተቀምጦ መሬት መሬት ያይ ነበር።

በሰኔ ሚካኤል ዕለት ቅዳሴው ሳያልቅ ዝናቡ ጣለ። በሣሩ ዘመን ዝናብ መጣሉን የምናውቀው ስንወጣ ነበር። ያን ቀን ግን ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ካህኑ የሚያነበው ወንጌል ከአፉ ሲወጣ ጠፋ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየነው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሁሉም ወደ ፈንታ ዞረ መሰለኝ፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ቆሞ ነበር። ከወጣን በኋላ፣ «ደርቀን ወጣን፤ ያም ጸጋ ነው» ብቻ አለኝ።

በተከታዩ ኅዳር፣ የሚካኤል ንግሥ ዕለት፣ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላም ውስጥ ጠበል ሲቀምሱ ፈንታ ተነሣ። ደጀ ሰላሟ ያን ጊዜ ገና የሣር ክዳን ነበረች። በሰው ፊት ሲናገር ሰምተነው አናውቅም።

«አንድ ነገር ልለምን» አለ። «ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ደግ አደረጋችሁ። ይህችን ደጀ ሰላም ግን ለሣር ተዉልኝ። ትንሽ ናት። የመንደሩን ልጆች ይዤ ላፍርሳትና አብረን እንክደናት።»

«ጋሽ ፈንታ፣ እሷ እኮ አታፈስስም» አለ ይሁኔ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሳታፈስስ ለምን ትፈርሳለች?»

«እንድትሠራ።»

ሳቅ ሆነ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር። ይሁኔም እየሳቀ፣ «ቆርቆሮ ተርፎናል እኮ፣ ጋሼ» አለው።

«ሣርም ቢሆን ከወንዝ ዳር ይገኛል፣ ልጄ። እጅ ነው የማይገኝ።»

ቄስ ጥጋቡ «እናስብበታለን» አሉ። እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ስለ ነበር የሞሪታን አገር ነገር አነሣሁላቸው። «አዎ፣ ያ ያልተጠመቀው» አሉና ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቀረረ። በፋሲካ ማግሥት ደጀ ሰላሟ በተረፈው ቆርቆሮ ተመታች።

ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። እኛ የምናከብረውን ነገር እንዳይፈርስ አድርገን እንሠራለን፤ እነሞሪታ ደግሞ ያፈርሱታል፤ ሁለታችንም የምንፈራው መርሳትን ነው። የትኛው ጥበብ እንደሚበልጥ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የበቀለ የእንዶድ በር ልጅ ሣር ጣራ ላይ ወጥቶ ዝም ማለት ምን እንደሆነ እንደማያውቅ ግን አውቃለሁ።

ፈንታ ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ታመመ፤ ቀጥሎ ከአልጋ ዋለ። አልጣሽ ተጎንብሳ ታገላብጠዋለች፤ ስድቧን ግን ተወች። «ዝም አለብኝ፣ መምህር» አለችኝ አንድ ቀን ከደጅ አውጥታ። «ጣራ ላይ ሳይወጣ ዝም አለብኝ።»

በሁለት ሺህ አራት ኅዳር ቄስ ጥጋቡ ንስሐውን ሊሰሙ ገብተው፣ ሲያበቁ እኔንና ይሁኔን አስገቡን። «ምን እናድርግልህ?» አሉት።

«ከቅጽሩ በር ያለችው የዘበኛው ጎጆ ሣሯ አርጅቷል» አለ ፈንታ። «በቃሬዛ አውጡኝና ከአጠገቧ አስቀምጡኝ። ልጆቹ ጥቂት ሣር ይዘው ይምጡ። ከታች ሆኜ አሳያቸዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ይበቃኛል።»

«ይህማ ምን ገዶ» አለ ይሁኔ። «አጨዳው ይለቅና።»

አጨዳው ለቀቀ፤ ከዚያ ውድማ ሆነ፤ ከዚያ ልጆቹ ለገና ጨዋታ ወደ ጎረቤቱ ወገዳ ወረዱ። ጥምቀት አለፈ። ፈንታ እስኪያልፍ ድረስ ከአልጋው አንሥቶ ከጎጆዋ አጠገብ ያስቀመጠው ሰው አልነበረም።